የወረዳችን መረጃ ሥራ ላይ ይውላል ወይ? ከቃለ ጉባኤ ተነሥቶ ወደ መዝገብ የሚወርድ የመለኪያ መመሪያ

«የመረጃ አጠቃቀማችሁን ገምግማችሁ ላኩ» የሚል ደብዳቤ በወረደ ቁጥር አንድ ዓይነት ስህተት ይደገማል። ባለሙያው ኮምፒውተር ይቆጥራል፣ መዝገብ ይቆጥራል፣ ሥልጠና የወሰደ ሰው ይቆጥራል፤ ደምሮ አካፍሎ «88 በመቶ» ብሎ ይልካል። ያ ቁጥር ቢሮው ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው የሚናገረው። መረጃው ማንን ምን እንዳስወሰነ ከውስጡ አይገኝም።

እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በአንድ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ ሦስት መደርደሪያ ሙሉ ሰነድ ቆጥሬ ጥሩ ነጥብ ሰጥቼ ልወጣ ስል ቡና ተፈላ። ረከቦቱ የተቀመጠው ካርቶን ላይ ነበር። ካርቶኑ ላይ በማርከር «የአፈር ምርመራ ውጤት» ተብሎ ተጽፏል፤ የታሸገበት ፕላስተር አልተቀደደም። እኔ ያን ካርቶን «አለ» ብዬ ቆጥሬው ነበር።

መመሪያው በወረዳ ደረጃ ለሚሠሩ የዕቅድና ክትትል ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር ለመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ርዕስ ለሚንከራተቱ ተማሪዎች ነው። ሁለት ሰው በሦስት ሳምንት ይጨርሰዋል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የአገር መለኪያዎች ለምን አይበቁም?

አገርን ከአገር የሚያወዳድሩ መለኪያዎች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የኢ-መንግሥት ልማት መለኪያ በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፤ የሚመዝነውም ሦስት ነገር ነው፦ በኦንላይን የሚሰጥ አገልግሎት፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማትና የሰው ኃይል አቅም። የዓለም ባንክ የስታቲስቲክስ አፈጻጸም ጠቋሚዎች ደግሞ አምስት ምሰሶ አላቸው፤ የመጀመሪያው «የመረጃ አጠቃቀም» ይባላል። ደስ ብሎን ገልጠን ስናይ ግን፣ መለኪያው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ከተዘረዘሩት ተጠቃሚዎች (ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚ፣ ሲቪል ማኅበረሰብ፣ ምሁራን፣ ዓለም አቀፍ ተቋማት) መካከል በቁጥር ሊሞላ የቻለው የመጨረሻው ብቻ ነበር። የአገሩ ባለሥልጣን የአገሩን ቁጥር አይቶ ይወስን አይወስን ከዋሽንግተን ሆኖ አይታይም።

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቢቸና ግን ይታያል። ስለዚህ የአገርን የመረጃ አጠቃቀም መለካት የፈለገ ሰው ከወረዳ ይጀምር፤ በወረዳም ከመደርደሪያው ሳይሆን ከውሳኔው ይጀምር። ውሳኔውን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ መዝገቡ ይውረድ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ያጥቡ

1. አንድ ዘርፍ ይምረጡ፦ ግብርና ወይም ጤና። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይጀምሩ።
2. አንድ የበጀት ዓመት ይውሰዱ፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30።
3. ሦስት ዓይነት ውሳኔ ይምረጡ። ውሳኔው በየዓመቱ የሚመላለስ፣ ገንዘብ ወይም ጉልበት የሚወጣበት፣ ወረቀት ላይ የሚቀር ይሁን።

ለጎጃም የሚመቹኝን ልንገራችሁ። በግብርና በኩል፦ የማዳበሪያ ድልድል በቀበሌ፣ ለአሲዳማ አፈር የሚሆን የኖራ ድልድል፣ የምርጥ ዘር ዓይነት መረጣ። በጤና በኩል፦ ክትባት በየትኛው ጎጥ ይውጣ፣ መድኃኒት ምን ያህል ይጠየቅ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ከቀሩበት ቀበሌ ማን ይሂድ። የሠራተኛ ዝውውርና ቅጥር አይምረጡ፤ እሱ ውስጥ መረጃ ቢኖርም ማንም አያሳያችሁም።

ደረጃ 2፦ ዝግጅት

*ጊዜ።* በሰኔ አይሂዱ፤ ሁሉም የዓመት መዝጊያ ሪፖርት ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የጮቄ ግርጌ ቀበሌዎች ደግሞ በእግርም ይከብዳሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። የሚሻለው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው።

ቀኑንም ይለዩ። መዝገብ የሚያዩት በሥራ ቀን ነው፤ ገበሬውን የሚያነጋግሩት ግን በበዓል ቀን ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 ባለወልድ ሞፈር አይነሣም፤ ከቅዳሴ መልስ ሰው ደጁ ላይ ይገኛል። በገበያ ቀን ሰው ሞልቶ ይታያል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ግን የለም።

*ሰው።* ሁለት ይሁኑ። አንዱ የቢሮው ሰው፣ ሌላው ከውጭ። ሁለቱም የቢሮው ከሆኑ ክፍተቱን ይሸፍኑታል፤ ሁለቱም ከውጭ ከሆኑ የትኛው መዝገብ የት እንዳለ ሳያውቁ ሳምንት ያልፋል።

*ደብዳቤ።* ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ለየብቻ። «ከላይ ተፈቅዷል» ብለው ቀበሌ አይግቡ። ከውጭ የሚመጡ ተማሪ ወይም ጋዜጠኛ ከሆኑ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል። ጥያቄዎ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ሳያስጽፉ አይውጡ፤ ኋላ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ለማለት የሚይዙት ማስረጃ እሱ ነው።

*የሰው ስም።* የታካሚም የገበሬም ስም አይገልብጡ፤ ተራ ቁጥር ይስጡ። የታካሚ መዝገብ በስልክ ፎቶ አያንሡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖርስ የሰው ገመና ነው።

*ዕቃ።* መስመር ያለው ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር፣ በግማሽ የተቆረጠ ደረቅ ካርድ 40 ያህል። ኔትወርክ እንደሌለ ሆነው ይውጡ፤ ቅጹን በስልክ ብቻ ይዘው ወጥተው ባትሪ አልቆባቸው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 3፦ ውሳኔዎቹን ከቃለ ጉባኤ ይልቀሙ

1. የዓመቱን ቃለ ጉባኤ በሙሉ ያስወጡ። የማኔጅመንቱንም የቴክኒክ ኮሚቴውንም። ጤና ጣቢያ ከሆነ በየወሩ የሚሰበሰበውን የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ቃለ ጉባኤ አይርሱ።
2. ስለ መረጧቸው ሦስት ጉዳዮች የተባለውን ሁሉ፣ አንድ ውሳኔ በአንድ ካርድ ይጻፉ።
3. እያንዳንዱን ካርድ በአራት ጥያቄ ይፈትኑ፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ እስከ መቼ?

እዚህ ላይ ይጨክኑ። «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «በትኩረት ይሠራ»፣ «ተጠናክሮ ይቀጥል» ውሳኔ አይደለም። ካርዱን በቀይ ያስምሩበትና ለብቻ ያስቀምጡት። ከአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ግማሹ ካርድ ቀይ ቢሆን አይደንግጡ። ይህም ራሱ ግኝት ነው፤ ውሳኔ በሌለበት መረጃ የሚውልበት ቦታ የለም።

*ቃለ ጉባኤ ከሌለስ?* ውሳኔው ሌላ ቦታ ዱካ ጥሏል። ወጪ ደብዳቤዎችን፣ የድልድል ሰንጠረዡን፣ የክፍያ ማዘዣውንና የመኪና መውጫ ፈቃዱን ይመልከቱ። መኪናው የት ቀበሌ እንደሄደ ከፈቃዱ ይነበባል፤ አንዳንድ ጊዜ ከቃለ ጉባኤው ይልቅ እሱ እውነቱን ይናገራል።

*ቃለ ጉባኤው ለእናንተ ተብሎ ትናንት የተጻፈ ቢመስልስ?* ምልክቱ ይታወቃል፦ የስድስት ወር ስብሰባ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሕፈት፣ ተሰብሳቢው ሁልጊዜ ያው፣ የቀረ ሰው የለም። አይከራከሩ፤ ማንንም አይክሰሱ። ካርዱ ላይ «የማያስተማምን» ብለው ይጻፉና በመኪና ፈቃዱና በደብዳቤው ያመሳክሩ።

ደረጃ 4፦ ከውሳኔው ወደ ኋላ ይከተሉ

የሥራው ሁሉ ልብ እዚህ ነው፤ ከሦስቱ ሳምንት አንዱን ለዚህ ይስጡ።

የተረፉትን ካርዶች አንድ በአንድ ይዘው ውሳኔውን ያረቀቀውን ባለሙያ ያግኙ። በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፦

1. ይህን ስትወስኑ ምን ወረቀት ፊታችሁ ነበር? (ወረቀቱን ያምጣው። «ነበረ» አይበቃም።)
2. ወረቀቱ መቼ ደረሳችሁ? ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ?
3. የትኛውን ቁጥር ነው ያያችሁት? ጣቱን ያስቀምጥበት።
4. ቁጥሩ ሌላ ቢሆን ኖሮ ምን ትወስኑ ነበር?
5. የተወሰነው ተፈጸመ? ማስረጃው የት አለ?

አራተኛው ጥያቄ ነው መረጃን ከጌጥ የሚለየው። ብዙ ጊዜ ውሳኔው ቀድሞ ይደረስና ቁጥሩ ኋላ ይፈለግለታል።

የኖራን ጉዳይ እንውሰድ። በጎጃም ደጋማ ወረዳዎችና በአዊ አሲዳማነት ብዙ ማሳ ጎድቷል። ፒኤች መጠኑ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዳማነቱ ይጨምራል) ከ5.5 በታች የወረደ አፈር ኖራ ይፈልጋል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ትክክለኛው ድልድል ፒኤቹ ዝቅ ላለበት ቀበሌ ብዙ፣ ደህና ለሆነው ጥቂት ወይም ምንም መስጠት አለበት። አሁን የድልድል ሰንጠረዡንና የምርመራ ውጤቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ኖራው የሄደው ዝቅተኛ ፒኤች ወዳለበት ነው ወይስ አይሱዙ መግባት ወደሚችልበት ቀበሌ? መልሱ «መኪና ወደሚገባበት» ከሆነ ወዲያው ዜሮ አይስጡ፤ መንገድም መረጃ ነው። ነገር ግን የአፈር ምርመራው ሥራ ላይ አልዋለም፤ ካርዱ ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው።

*ባለሙያው ወረቀቱን ማግኘት ቢያቅተው፦* የሁለት ዓመት ፈተናውን ይጠቀሙ። የአምናውንና የዘንድሮውን ድልድል በቀበሌ ያሰልፉ፤ የዘንድሮውን ለአምናው ያካፍሉ። ለምሳሌ አንዱ ቀበሌ ከ200 ኩንታል ወደ 220፣ ሌላው ከ350 ወደ 385፣ ሦስተኛው ከ120 ወደ 132 ከሄደ፣ ሁሉም በ1.1 ተባዝቷል ማለት ነው። በመካከሉ ምርመራም፣ የዝናብ ትንበያም፣ የገበሬ ጥያቄም አልገባም፤ ካልኩሌተር ብቻ ነው የገባው። ይህችን ፈተና ከሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ፤ ማንንም ሳያስቀይሙ ያለ ቃለ መጠይቅ ውጤት ይሰጣሉ።

*ወረቀቱ ቴሌግራም ላይ ቢሆንስ?* ዛሬ አብዛኛው ሪፖርት የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ይቀበሉት። የተላከበትን ቀንና ፋይሉ ወርዶ መከፈቱን በባለሙያው ስልክ ላይ ይዩ። ያልወረደ ፋይል አጠገቡ የማውረጃ ቀስት ይታያል፤ ያ ቀስት ከዚያ ካርቶን ፕላስተር የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥሩ ራሱ ልክ ነው?

በሐሰት ቁጥር የተወሰነ ውሳኔም «መረጃ ተጠቅሟል» ይባላል። ስለዚህ ባለሙያው ጣቱን ያስቀመጠበትን ቁጥር ይዘው ወደ ምንጩ መዝገብ ይውረዱና እንደገና ይቁጠሩ።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ *መዝገቡ ላይ የቆጠሩት ÷ ሪፖርት የተደረገው።* ከ0.9 እስከ 1.1 ከሆነ ይለፍ። መዝገቡ ላይ 41 ሕፃን ሦስተኛውን ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት) ወስዶ ሪፖርቱ 48 ቢል፣ 41 ÷ 48 = 0.85 ነው፤ ተጋንኗል። ከ1.1 በላይ ከወጣ ደግሞ የተሠራ ሥራ ሳይላክ ቀርቷል።

ሰዎች የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች እነዚህ ናቸው፦

*የወሩ ጉድጓድ።* የጤና ሪፖርት ወር ከ1 እስከ 30 አይደለም። ካለፈው ወር 21 ተነሥቶ እስከዚህ ወር 20 ነው። የጥርን ሪፖርት ለማጣራት ከጥር 1 እስከ 30 የቆጠረ ሰው ንጹሕ የሆነችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ውሸታም ያደርጋታል። ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 ይቁጠሩ። ስህተት ካገኙም ባለሙያዋን ከመጥራትዎ በፊት ቀኑን ደግመው ያረጋግጡ።

*የጥማድ ጉድጓድ።* ገበሬው በጥማድ ይናገራል፤ ቅጹ ሄክታር ይላል። በተለመደው ስሌት 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው። የሆነ ቀበሌ ላይ የተዘራው መሬት ከሌላው በአራት እጥፍ ገደማ በልጦ ቢያገኙት ተአምር አይደለም፤ አንድ ሰው ጥማዱን ሳያካፍል ሄክታር ዓምድ ውስጥ ጽፎታል። ሩቡ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሁለቴ ተካፍሏል። ጥማድም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አይርሱ፤ የቀበሌውን ባለሙያ «እናንተ ጋ ስንቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

*የመቶ አሥራ ሦስት በመቶ ጉድጓድ።* የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሲሆን ሁሉም ይስቃል፤ ከዚያ «100» ተብሎ ይስተካከላል። አያስተካክሉት። ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በታችኛው ቁጥር ላይ ነው፦ የቀበሌው ሕዝብ የሚሰላው ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ በትንበያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገራዊ ቆጠራ አልተካሄደም። ሰው ወደ ከተማ የወጣበት ቀበሌና ሰው የገባበት ቀበሌ እኩል አድገዋል ተብሎ ይሰላል። ጤና ኬላው የቤተሰብ ፎልደር (የየቤቱ የጤና መዝገብ) ካለው ከእሱ የተገኘውን ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ። ያም ካልሆነ ሽፋኑን ትተው መቋረጡን ይዩ፦ ፔንታ 1 ከወሰዱት ፔንታ 3ን ያልወሰዱ ስንት ናቸው? ከመቶ ከ10 በላይ ከሆኑ ችግር አለ። ለዚህ ስሌት የሕዝብ ቁጥር አያስፈልግም።

ጤና ጣቢያ ላይ 12 ቁጥሮችን በዕጣ መርጦ ከመዝገብ ጋር የማመሳከር ልማድ አለ። ይጠቀሙበት፤ ነገር ግን ከ12ቱ 9 ገጠመ ማለት «75 በመቶ ትክክል» ማለት አይደለም። ናሙናው ትንሽ ስለሆነ የሚነበበው ለዚህ ዓይነት ናሙና (LQAS ለሚባለው) ከተዘጋጀው መወሰኛ ሰንጠረዥ ነው፤ ሰንጠረዡን አትመው ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ይጠይቁ

በየቀበሌው 10 ቤት ይበቃል። መራጩ ሊቀ መንበሩ አይሁን፤ እሱ ከመራ ሞዴል ገበሬና ከመንገድ ዳር ያለ ቤት ብቻ ያያሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥተው በአንድ አቅጣጫ ይሂዱና በየአምስተኛው ቤት ይግቡ። እማወራዎችንና ሚስቶችን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ባልየው ከተቀመጠ መልሱ የእሱ ነው።

«መረጃ ታገኛላችሁ?» ብለው እንዳይጠይቁ። መልሱ «እናገኛለን፣ እግዜር ይስጥልን» ነው፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ነው። ስለተሠራ ሥራ ይጠይቁ፦ ዘንድሮ የዘራችሁበትን ቀን ያስመረጣችሁ ማን ነው? ዘሩን የመረጣችሁት ማንን ሰምታችሁ ነው? ጤፉን የሸጣችሁበትን ዋጋ ቀድማችሁ በምን ዐወቃችሁ?

ወደ አዊ ወሰን ከሚጠጋ አንድ ቀበሌ ደብተሬ ላይ ያለውን እንዳለ ላስፍር፦

«አንቱ፣ ታችኛውን ማሳ ዘንድሮ ምን አደረጉት?»
«ዛፍ ተከልሁበት፤ ዲከረንስ።»
«ስንዴውን ለምን ተዉት?»
«ቢጫ እየሆነ ሦስት ዓመት ከለከለኝ። አፈሩ ሞቷል።»
«ኖራ ያድነዋል ሲባል አልሰሙም?»
«ሰምቻለሁ እንጂ፤ ስብሰባ ላይ ተናግረዋል። የኔ ማሳ ይፈልግ አይፈልግ ግን የነገረኝ የለም። ባህር ዛፍ የተከለው ጎረቤቴም እንዲሁ።»

ከዚህ ሁለት ነገር ይመዘገባል። አንደኛ፣ መረጃው ጆሮ ደርሷል፤ ለውሳኔ ግን አልበቃም፤ የስብሰባ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌው ራሱ የመረጃ ምንጭ ነው፤ ሦስት ዓመት ቢጫ የሆነ ስንዴ ያለ ላቦራቶሪ የተነበበ ውጤት ነው። ይህ ወደ ልማት ጣቢያው መዝገብ ገብቷል? ብዙ ጊዜ አልገባም። ከታች ወደ ላይ ያልሄደውንም ካርድ ያውጡለት።

በነጻ የሚደወልበትን የ8028 የገበሬ መስመር ሲጠይቁም «ያውቁታል?» አይበሉ፤ «መጨረሻ የደወሉት ምን ለመጠየቅ ነው? ሰምተው ምን አደረጉ?» ይበሉ። ስልኩ የልጁ ከሆነ ልጁን ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ ነጥብ ይስጡ

ለእያንዳንዱ ካርድ ከ0 እስከ 4፦

0 — በውሳኔው ጊዜ ምንም መረጃ አልነበረም፤ ወይም ከውሳኔው በኋላ ደረሰ።
1 — መረጃው ተጠቅሷል፤ ማንም ግን አልመረመረውም።
2 — ከዕቅድ ወይም ከአምና ጋር ተነጻጽሮ «ለምን?» ተብሏል፤ ቁጥሩም በደረጃ 5 አልፏል።
3 — መረጃው ውሳኔውን ለውጧል፤ ኃላፊና ቀን ተሰይሟል።
4 — የተለወጠው ውሳኔ መሬት ላይ ተፈጽሟል።

በሁለት ነጥብ መካከል ከተጠራጠሩ ዝቅተኛውን ይስጡ። ሁለታችሁ ለየብቻ ሰጥታችሁ ኋላ አስተያዩ፤ ከአምስት ካርድ በአንዱ በላይ ከተለያያችሁ ትርጉሙን እንደገና ተነጋገሩና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ይህን መዝለል ያጓጓል፤ አይዝለሉት።

አማካይ አያውጡ። «2.1 ከ4» ማለት ለማንም ምንም አይልም። በምትኩ ውሳኔው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚንጠባጠብ የሚያሳይ መሰላል ይሥሩ። ለምሳሌ ያህል፦

በቃለ ጉባኤ የተገኘ ካርድ፦ 30
ከዚህ እውነተኛ ውሳኔ፦ 19
መረጃ ፊታቸው የነበረ፦ 12
ተመርምሮ ቁጥሩም ልክ የሆነ፦ 7
መረጃው ውሳኔውን የለወጠ፦ 4
የተፈጸመ፦ 3

ውጤቱ «3 ከ19» ነው፤ 16 በመቶ ገደማ። ማካፈያው 19 መሆኑንና 11 ካርዶች «አቅጣጫ» ብቻ ሆነው መቅረታቸውን ለይተው ይጻፉ። ከእውነተኛ ውሳኔዎቹ ወዲህ ትልቁ መውደቂያ የትኛው ነው? ከ19 ወደ 12 ነው፤ ሰባት ውሳኔ ያለ መረጃ አልፏል። እንግዲህ ገንዘብ ቢገኝ የሚያስፈልገው ሥልጠና ወይስ መረጃው ከስብሰባው በፊት እንዲደርስ ማድረግ? መሰላሉ ይመልሰዋል። በ88 በመቶ ላይ ቆሞ ግን ሁሉም «ሥልጠና ይሰጠን» ይላል።

ደረጃ 8፦ ከወረዳ ወደ ላይ

ከአንድ በላይ ወረዳ ከለኩ በመቶኛዎቹን ደምረው አያካፍሉ። ላይኞቹን ቁጥሮች ለብቻ፣ ታችኞቹን ለብቻ ደምረው ከዚያ ያካፍሉ። አንድ ወረዳ 3 ከ19፣ ሌላው 6 ከ12 ቢያመጣ ድምሩ 9 ከ31 ነው፤ 29 በመቶ። የመቶኛዎቹ አማካይ ግን 33 ይሰጣል፤ ውሳኔ ያነሰበትን ወረዳ ያለ ልክ ያከብደዋል።

ወረዳ ሲመርጡ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ይግቡበት፤ የጮቄ ጫፍና የዓባይ በረሃ ዳር አንድ ዓይነት ችግር የላቸውም። ወረዳዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ ብለው አይደርድሩ። ደረጃ የወጣ ቀን ቃለ ጉባኤው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ መጻፍ ይጀምራል። በዚያው ምክንያት ውጤቱ ከሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር እንዳይያያዝ አስቀድመው ከኃላፊው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ኃላፊው እምቢ ካለ ልኬቱን ባይጀምሩ ይሻላል።

ደረጃ 9፦ መልሱት

መጀመሪያ ለቀበሌው ይመልሱ፤ መረጃውን የሰጡት እነሱ ናቸው። በቃል፣ በአንድ ስብሰባ፣ መሰላሉን በሰፊ ወረቀት አስቀምጠው። ከዚያ ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ገጽ፦ መሰላሉ፣ ትልቁ መውደቂያ፣ አንድ ምሳሌ፣ አንድ የሚስተካከል ነገር። አሥር የሚስተካከል ነገር የጻፈ ሰው ራሱ «አቅጣጫ አስቀምጧል»።

*ኃላፊው «ይህ እኛን ያስወቅሳል፤ ለዞን አይሄድም» ካለ* አይጣሉ። ለዞን ሳይሆን ለሚቀጥለው የድልድል ስብሰባ ይጠይቁ፦ ስብሰባው ሲጠራ ምርመራውና ሰንጠረዡ ከሁለት ቀን በፊት ለተሰብሳቢው ይድረስ፤ ከዚህ በላይ ምንም አይጠይቁ። ይህን እምቢ ያለኝ ኃላፊ እስካሁን አልገጠመኝም።

ካርዶቹን፣ ቀዮቹንም ጨምረው፣ በአንድ ፖስታ ያኑሩ። በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሦስት ጉዳይ፣ በዚያው መለኪያ ድጋሚ ይለካል፤ ባለሙያው በዚያ ጊዜ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፖስታውን ለመዝገብ ቤት በፊርማ ያስረክቡ፣ የገባበትን ፋይል ቁጥር በሁለቱም ደብተር ይጻፉ፣ የመደርደሪያው ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድርም ጠይቀው ከጀርባው ያስፍሩ።